በኅዳር በሽታ የሞቱት ስንት ናቸው?

በኅዳር ወር 1911 ዓ.ም. አዲስ አበባን ያጠቃው የኢንፍሉዌንዛ ወረርሽኝ፣ «የኅዳር በሽታ» የተባለው፣ በከተማዪቱ ከ5,000 እስከ 10,000 ሰው እንደ ገደለ ይገመታል። የግምቱ ስፋት ምክንያት አለው፤ ይኸውም በዚያን ጊዜ በአገራችን የሕዝብ ቈጠራ አልነበረም። የመጀመሪያው አገር አቀፍ ቈጠራ የተደረገው በ1976 ዓ.ም. ነው።

ይሁን እንጂ መዝገብ መኖሩ ብቻውን አይበቃም። በወረርሽኝ የጨመረው ሞት የሚታወቀው፣ ከሙታኑ ቍጥር ላይ በደኅናው ዘመን ይሞቱ የነበሩት ሲቀነሱ ነው። በህንድ አገር ሞትን የሚያስታውቁት የመንደር ዘበኞች ነበሩ፤ በ1918 እ.ኤ.አ. ወረርሽኙ እነርሱንም ስላጠቃ፣ ሞት በበዛበት ጊዜ መዝገቡ ጐደለ።

ለምሳሌ በደኅናው ዓመት ከ100 ሙታን 80፣ በወረርሽኙ ዓመት ከ320 ሙታን 160 ተመዘገቡ እንበል። መዝገቡን እንዳለ ብንቀበል ጭማሪው 80 ነው። በደኅናው ዓመት ጉድለት ልክ ብናርመው 100 ይሆናል። እውነተኛው ግን 220 ነው።

ከ1911 እና ከ1921 እ.ኤ.አ. የህንድ ቈጠራዎች ጋር ማመሳከርም ይቻላል፤ ሆኖም ከቈጠራ የጐደለው ሁሉ የሞተ አይደለም፤ ሳይወለድ የቀረና የተሰደደም አለበት። ሚልስ በ1986 እ.ኤ.አ. ባወጣው ጥናት የህንድን ሙታን ከ17 እስከ 18 ሚሊዮን ገምቷል።

እንግዲህ ስለ አዲስ አበባ የሚጽፍ ሰው የሁለቱን ግምቶች አማካይ ወስዶ «7,500 ሞቱ» ቢል፣ ያልተቈጠረውን እንደ ተቈጠረ ማድረጉ ነው። ግምቱም የከተማዪቱ ብቻ ስለ ሆነ በገጠር የሞቱትን አይጨምርም። ስለዚህ ሁለቱን ወሰኖች ከነምክንያታቸው መጻፍ ይገባል።