«ቆጣሪው ፎርጅድ ነው» ከማለታችሁ በፊት፦ ብዙ መሣሪያን በአንድ መስመር የሚያገናኘው ካርድ እንዴት ይስተካከላል?

ወደ ቦታው የሄድነው ስለ ቴክኖሎጂ ልንጽፍ አልነበረም። አንድ ሕንፃ ላይ ያሉ ባለሱቆች የመብራት ሒሳብ በግምት ነው የምንከፍለው ብለው ጠርተውን ነው። አስተዳደሩን ስንጠይቅ ለየሱቁ ዲጂታል ቆጣሪ ተገዝቶ እንደገባ፣ ኮምፒውተሩ ግን ሊያነበው እንዳልቻለ፣ ቆጣሪዎቹም ፎርጅድ ስለሆኑ ሊነቀሉ መሆኑን ነገረን። 12 ቆጣሪ! የገጠመው ልጅም ቀሪ ክፍያው ተይዞበታል። ልጁን ይዘን ምድር ቤት ወረድን። ምን ሆነ መሰላችሁ? ቆጣሪዎቹ ደህና ናቸው። ተመሳሳይ ነገር በሚዛን፣ በጄኔሬተርና በሙቀት መለኪያም ስለሚያጋጥም ነገሩን ከሥሩ እንየው።

ኮምፒውተር ላይ የምናውቀው የድሮው ሲሪያል ፖርት አርኤስ-232 ይባላል። አንድ ለአንድ ብቻ ነው የሚያወራው። አርኤስ-422 ላይ አንድ ተናጋሪ እስከ 10 አድማጭ ሊኖረው ይችላል። በ1983 እ.ኤ.አ. የወጣው አርኤስ-485 ደግሞ በአንድ ጥንድ ሽቦ ላይ 32 መሣሪያ ይሸከማል፣ ፍጥነቱ ዝቅ ካለ እስከ 1200 ሜትር ድረስ ይሄዳል። መልቲድሮፕ የሚባለው ይኼ ነው።

አሠራሩ ክፍል ውስጥ ስም እንደመጥራት ነው። መምህሩ ኮምፒውተሩ ነው። ስም ይጠራል፣ የተጠራው ብቻ «አቤት» ይላል፣ ሌላው ጸጥ። ስሙ ቁጥር ነው፤ ብዙ ቆጣሪዎች የሚጠቀሙበት ሞድባስ ላይ ከ1 እስከ 247 ይሰጣል።

አሁን ወደ ካርዱ። ካርዱ ላይ ጃምፐር የሚባሉ ትንንሽ የፕላስቲክ ቆቦች ወይም ጥቃቅን ማብሪያዎች አሉ። መጀመሪያ 232፣ 422 ወይስ 485 የሚለውን ምረጡ፤ ለጥንድ ሽቦ «485፣ ሁለት ሽቦ» የሚለውን። ካርዱ የድሮው አይኤስኤ ዓይነት ከሆነ አድራሻውንና አይአርኪውን በእጅ ማስተካከል አለ፤ ኮም1 የሚይዘው 3ኤፍ8 እና አይአርኪው 4፣ ኮም2 ደግሞ 2ኤፍ8 እና አይአርኪው 3 ነው፤ ከእነዚህ ጋር አታጋጩት። ፒሲአይ ከሆነ ይኼን ኮምፒውተሩ ራሱ ይጨርሰዋል።

ዋናው ጣጣ ያለው የማሰራጫ መቆጣጠሪያው ላይ ነው። ሁለት ሽቦ ላይ ካርዱ ጠርቶ ሲጨርስ መስመሩን መልቀቅ አለበት። የኛው ካርድ «ሁልጊዜ ክፍት» ላይ ነበር፤ ይህ ለ422 የሚሆን ነው። መምህሩ ስም ጠርቶ አፉን ካልዘጋ «አቤት» የሚለውን እንዴት ይስማ? ሌላው ምርጫ አርቲኤስ ነው፤ መልቀቁን ለሶፍትዌሩ ይተዋል። ግን በ9600 ፍጥነት አንድ ፊደል የሚፈጀው 1 ሚሊሰከንድ አካባቢ ነው። ሶፍትዌሩ ከዘገየ የመልሱ መጀመሪያ ይበላል፣ ከቸኮለ የጥያቄው መጨረሻ ይቆረጣል። ካርዳችሁ «አውቶ» የሚል ካለው እሱን ምረጡ፣ በቃ። በተጨማሪ ካርዱ የራሱን ድምፅ መልሶ እንዳይሰማ የሚያደርግ ጃምፐር ካለ ተጠቀሙበት፤ አንዳንድ ፕሮግራም የራሱን ጥያቄ መልስ ይመስለዋል።

ይኼን ስናስተካክል አንድ ቆጣሪ ለብቻው ሲያያዝ ተነበበ። ደስ አለን። 12ቱን አያይዘን ስንሞክር ግን ጭጭ!

ቀጥሎ ያየነው የመስመሩን ጫፍ ነው። ሲግናሉ ጫፍ ላይ ሲደርስ ተመልሶ እንዳይረብሽ 120 ኦም ረዚስተር ይደረግለታል፤ ሁለቱ ጫፎች ላይ ብቻ፣ መሀል ላይ የለም። ካርዱ ጫፍ ላይ ከሆነ የካርዱን ጃምፐር ታስገባላችሁ፣ መሀል ከሆነ ታወጣላችሁ። ልጁ ግን ለጥንቃቄ ብሎ የ12ቱንም ቆጣሪዎች አስገብቶታል። አይፈረድበትም፣ ማብሪያው ላይ ምንም ማብራሪያ የለም። ይህን ለማወቅ ውድ መሣሪያ አያስፈልግም። ሁሉንም አጥፉ፣ ቴስተራችሁን ኦም ላይ አድርጋችሁ በሁለቱ ሽቦዎች መሀል ለኩ። ትክክል ከሆነ 60 አካባቢ ያሳያል። 120 ካለ አንዱ ጫፍ ጎድሏል። የኛው ከ10 ብዙም አልራቀም ነበር፤ ያንን ሁሉ ጭነት ካርዱ መግፋት አይችልም።

ሽቦውም እንደ ታክሲ መስመር ከፌርማታ ፌርማታ መሄድ አለበት፤ ከአንድ ቦታ ተነስቶ እንደ ኮከብ ከተበተነ ጫፉ የቱ እንደሆነ አይታወቅም። ኤ እና ቢ የሚለውን ጽሑፍ ብዙ አትመኑት፣ አምራቾች ያገለባብጡታል። መልስ ከጠፋ ቀያይራችሁ ሞክሩ፣ የዳታ ሽቦ በመገልበጡ አይቃጠልም። ሦስተኛ የግራውንድ ሽቦ ግን አትርሱ። መስመሩ የሚታገሰው ከ-7 እስከ +12 ቮልት ያለውን ልዩነት ነው፤ ከዚያ ካለፈ ቺፑን ይዞ ሊሄድ ይችላል። ከሕንፃ ወደ ሕንፃ ከሆነ አይሶሌትድ ካርድ ግዙ።

ማንም በማያወራበት ጊዜ የማይታወቅ ፊደል የሚመጣ ከሆነ ካርዱ ላይ «ባያስ» የሚለውን ጃምፐር አስገቡ። በሁለቱ ሽቦዎች መሀል ያለው ልዩነት ከ200 ሚሊቮልት ሲያንስ ተቀባዩ 1 ይሁን 0 መለየት ያቅተዋል፤ ባያስ መስመሩን አንድ ቦታ ላይ ይይዘዋል። አንድ ቦታ ይበቃል።

ወደ ምድር ቤቱ ስንመለስ፣ ካርዱና የመጨረሻው ቆጣሪ ላይ ብቻ ረዚስተሩን ትተን የቀረውን አጠፋን። ቴስተሩ 60ን አሳየ። 10 ቆጣሪ ወዲያው መለሰ። ሁለቱ ግን አንድ ቁጥር ነው የተሰጣቸው፤ ስም ሲጠራ ሁለት ልጅ እኩል «አቤት» ሲል ማለት ነው። የአንዱን ቁጥር ስንቀይር 12ቱም ተነበቡ።

የልጁ ክፍያ ይለቀቃል ተብሏል። ተከራዮቹ በግምት የከፈሉት ገንዘብ ግን ገና አልተነሳም። እየተከታተልነው ነው።