ከመንጋጋ እስከ ማይክሮስኮፕ፤ የላንገርሃንስ ኅዋስ ደዌ አጭር ታሪክ

በሕክምና ታሪክ ውስጥ አንድ ደዌ ብዙ ስም ተሰጥቶት ሲገኝ፣ ብዙ ሐኪሞች በየበኩላቸው ከፊሉን እንጂ ሙሉውን እንዳላዩት ምስክር ነው። ዛሬ የላንገርሃንስ ኅዋስ ሂስቲዮሳይቶሲስ ተብሎ የሚጠራው ደዌ እንዲህ ያለ ታሪክ አለው። ደዌው እጅግ ብርቅ ነው። በይበልጥ በልጆች ላይ የሚታይ ሲሆን፣ በዐዋቂዎች ዘንድ ግን በየዓመቱ ከአንድ ሚሊዮን ሰው መካከል አንድ ወይም ሁለቱን ብቻ እንደሚይዝ ይገመታል። ሆኖም አጥንትን ሲያጠቃ ከሚያዘወትራቸው ስፍራዎች አንዱ መንጋጋ በመሆኑ፣ በሽተኛው አስቀድሞ የሚሄደው ወደ ታላቅ ስፔሻሊስት ሳይሆን ጥርስ ወደሚነቀልበት ክፍል ነው። ስለዚህ የዚህን ደዌ ታሪክ ማወቅ በአዲስ አበባ ለሚገኘው ፓቶሎጂስት ብቻ ሳይሆን፣ በሚዛን ተፈሪ፣ በቴፒና በመላው የደቡብ ምዕራብ ቡና አብቃይ አገር ለሚያገለግለው የሙያ ባልደረባም ይጠቅማል።

የታሪኩ መነሻ ደዌው ሳይሆን ኅዋሱ ነው። በ1868 (ዓመታቱ ሌላ ካልተባለ በቀር እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ፓውል ላንገርሃንስ የተባለው ጀርመናዊ፣ ገና የሕክምና ተማሪ ሳለ፣ በበርሊን የሰውን ቆዳ በወርቅ ክሎራይድ አቅልሞ ሲመረምር እንደ ዛፍ ቅርንጫፍ የተዘረጉ ኅዋሳትን አየ። የነርቭ ክፍል መሰሉት። ኅዋሳቱ ሰውነትን ከበሽታ ከሚጠብቁት ወገን መሆናቸው የታወቀው ከብዙ ዘመን በኋላ ነው። ላንገርሃንስም በ1888 ማዴይራ በተባለችው ደሴት በ40 ዓመቱ ሲሞት፣ ያ በተማሪነቱ ያገኘው ኅዋስ አንድ ቀን የደዌ መጠሪያ እንደሚሆን አላወቀም።

ደዌው በበኩሉ ሌላ መንገድ ይዞ መጣ። በ1893 በፊላደልፊያ አልፍሬድ ሃንድ የተባለው ሐኪም ብዙ የሚሸና፣ ዓይኖቹ ወደ ውጭ የወጡና የራስ ቅሉ የተበላ ሕፃን ታሪክ ሲያቀርብ፣ ነገሩን ከነቀርሳ በሽታ ጋር አያያዘው። በ1915 በቪየና የራጅ ሊቅ የነበረው አርቱር ሹለር የራስ ቅልን ቀዳዳዎች በፎቶግራፍ አሳየ፤ ቀጥሎም በቦስተን ሄንሪ ክርስቲያን ተመሳሳይ በሽተኛ ስለ ገለጠ፣ ደዌው በሦስቱ ስም ይጠራ ጀመር። በ1924 ሌተረር በጀርመን፣ በ1933 ሲዌ በስዊድን ሕፃናትን በፍጥነት የሚገድል ሌላ ደዌ ገለጡ። በ1940 ደግሞ ሊችተንስታይንና ጃፌ አንድን አጥንት ብቻ ለይቶ የሚበላውንና በአብዛኛው የሚድነውን ዓይነት ኢዮሲኖፊሊክ ግራኑሎማ አሉት። እንግዲህ የሕፃናት ሐኪም፣ የራጅ ሊቅና ፓቶሎጂስት እያንዳንዱ ከቆመበት አንጻር ያየውን ሰየመ፤ ሁሉም ግን ስለ አንድ ነገር ይናገሩ ነበር።

ይህን አንድነት ጎላ አድርጎ ያወጀው ሊችተንስታይን በ1953 ሲሆን፣ ለሁሉም ሂስቲዮሳይቶሲስ ኤክስ የሚል ስም ሰጠ። «ኤክስ» በሒሳብ እንደሚታወቀው ያልተገኘው መጠን ነው። መልሱ የመጣው ከኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ነው። በ1961 ቢርቤክ በላንገርሃንስ ኅዋሳት ውስጥ የቴኒስ መምቻ የሚመስሉ ቅንጣቶችን አገኘ፤ በ1973 ፈረንሳዊው ኔዘሎፍና ባልደረቦቹ በደዌው ኅዋሳት ውስጥ ያሉት ቅንጣቶችም እነዚሁ መሆናቸውን በማየት ሁለቱን አገናኙ። ከተማሪው ግኝት እስከዚህ ድረስ 105 ዓመት አልፎ ነበር። በ1987 የሂስቲዮሳይት ማኅበር የአሁኑን ስም አጸደቀ። በ2010 ከናሙናዎቹ ከግማሽ በሚበልጡት ውስጥ ብራፍ የተባለው ጂን ተለውጦ በመገኘቱ፣ ደዌው የኅዋሳት እብጠት ብቻ ነው ወይስ ከዕጢ ወገን ነው የሚለው የቆየ ክርክር ወደ ሁለተኛው አደላ።

በዐዋቂ ሰው መንጋጋ ላይ የደዌው መልክ አታላይ ነው። ድድ ያብጣል፣ ይቈስላል፤ የኋላ ጥርሶች ይነቃነቃሉ፤ የተነቀለው ጥርስ ስፍራ አልድን ይላል። በራጅ ሲታይ አጥንቱ ከሥራቸው ተበልቶ ጥርሶቹ በአየር ላይ የተንሳፈፉ ይመስላሉ። ይህ ሁሉ ከተራ የድድ በሽታ ወይም ከመግል ጋር ስለሚመሳሰል፣ ጥርሱ ተነቅሎ፣ መድኃኒት ታዝዞ በሽተኛው ይሰናበታል። እውነቱ የሚገለጠው ከአጥንቱ የተጠረገው ሥጋ በማይክሮስኮፕ ሲታይ ነው። የኅዋሱ አስኳል መሐል ለመሐል የተሰረጐደ በመሆኑ ፓቶሎጂስቶች የቡና ፍሬ ይመስላል ይላሉ። ጀንፈል ሲፈለፈል ያደገ የቴፒ ወይም የበበቃ ሰው ይህን ምሳሌ ለመረዳት አስተማሪ አያስፈልገውም።

በዚሁ አገር ግን መንጋጋን የሚያሳብጠው ይህ ብርቅ ደዌ ብቻ አይደለም። በ1958 ዴኒስ በርኪት በካምፓላ የሕፃናትን መንጋጋ የሚያሳብጥ ዕጢ ገለጠ፤ ቀጥሎም ዕጢው ሞቃትና ዝናባም በሆነው፣ ወባ በሚበዛበት ዝቅተኛ ምድር እንደሚዘወተርና በምሥራቅ አፍሪካ ከ1,500 ሜትር በላይ ባለው ደጋ እምብዛም እንደማይታይ አስተዋለ። ቴፒና አካባቢዋ ከዚህ ከፍታ በታች ያሉ፣ ዝናብ የሚበዛባቸውና ወባ የሚገኝባቸው ናቸው። በዐዋቂዎችም ላይ አሜሎብላስቶማ፣ ነቀርሳና ሌሎች ዕጢዎች አሉ። መድኃኒታቸው የተለያየ ነው፤ አንዱ በፍጥነት ኬሞቴራፒ ይሻል፣ ሌላው ሰፊ ቀዶ ጥገና፣ ሌላው የነቀርሳ መድኃኒት። የላንገርሃንስ ደዌ በአንድ አጥንት ላይ ብቻ ሲሆን ግን ብዙ ጊዜ ጠርጎ በማውጣት ይድናል፤ ሳያውቁ መንጋጋን ቈርጦ መጣል ከንቱ ጉዳት ነው።

ስለዚህ በሽተኛው ብዙ ውሃ የሚጠማውና ያለ ስኳር በሽታ ብዙ የሚሸና መሆኑ ሊጠየቅ፣ ሳንባውም በራጅ ሊታይ ይገባል። የሳንባው ዓይነት በዐዋቂዎች ላይ በአብዛኛው ከሲጋራ ጋር የተያያዘ ስለሆነ፣ ሲጋራን መተው ራሱ የሕክምናው ክፍል ነው።

ከሚዛን ተፈሪ በቦንጋ በኩል እስከ ጅማ ከ200 ኪሎ ሜትር በላይ፣ እስከ አዲስ አበባ ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ለቡና ለቃሚ ይህ መንገድ የመከር ወራቱን ደመወዝ ሊበላ ይችላል። በሽተኛው ሊሄድ ባይችል ናሙናው ግን ሊሄድ ይችላል፤ በ10 በመቶ ፎርማሊን የተነከረ፣ ስም፣ ዕድሜ፣ የተወሰደበት ስፍራና የራጁ መግለጫ የተጻፈበት ትንሽ ጠርሙስ ከጅማ ወይም ከጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ጠረጴዛ ሊደርስ ይቻለዋል። በ1999 ዓ.ም. (በኢትዮጵያ አቆጣጠር) የተመሠረተው የሚዛን ቴፒ ዩኒቨርሲቲ በስፍራው ባለሙያዎችን ማሠልጠኑም ይህን መንገድ እያሳጠረው የሚሄድ ነው።

ሃንድ የመጀመሪያውን በሽተኛ ነቀርሳ ብሎ ያለፈው በዘመኑ ነቀርሳ ስለ በዛ ነበር። ብርቅ ደዌ ዘወትር ከተለመደው ጀርባ ይሸሸጋል። እያንዳንዱ የሙያ ባልደረባ ብርቁን ሁሉ በዓይኑ እንዲለይ አይጠበቅበትም። የሚጠበቅበት፣ ከመንጋጋ የወጣው ሥጋ ከጥጥና ከደም ጋር ወደ ቆሻሻ ባልዲ እንዳይጣል መጠበቅ ነው።