አንዲት ጥርስና ፈታኞቿ

ዓመታቱን ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር እጠቅሳለሁ።

በጃንዋሪ 1845 የሐርትፎርዱ የጥርስ ሐኪም ሆራስ ዌልስ በቦስተን በሕክምና ተማሪዎች ፊት ቆመ። ናይትረስ ኦክሳይድ የተባለው ጋዝ ሕመም እንደሚያስታግሥ በአንድ ጥርስ ነቀላ ሊያሳይ ነበር የመጣው። ቀደም ባሉት ሳምንታት ከራሱ ጥርስ ጀምሮ ከአሥር በላይ በሆኑ ሰዎች ላይ ሞክሮት ነበር። በዚያች ቀን ግን የጋዙ ከረጢት ያለጊዜው ተነሣ፤ ታካሚው ጮኸ፤ ተመልካቹም አጭበርባሪ ነው ሲል ፈረደበት። ታካሚው ሕመሙ የወትሮውን ያህል እንዳልነበረ ቢመሰክርም ፍርዱን የለወጠ አልነበረም።

ዌልስ ዲግሪ ፈላጊ ተፈታኝ አልነበረም። ሆኖም በማስተማር ዘመኔ ከጥርስ ሕክምና ተማሪዎች ደጋግሜ የሰማሁት ቅሬታ ይህንኑ ታሪክ ያስታውሰኛል። አንዱ አንድ ሥር ያላት፣ የምትነቃነቅ የፊት ጥርስ ይደርሰዋል፤ ሌላው ሦስት ሥር ያለው የላይ መንጋጋ ጥርስ ይደርሰዋል፤ ውጤታቸው ግን በአንድ ሰንጠረዥ ላይ ይሰፍራል። ይህን የሰነፍ ሰበብ ነው የሚሉ መምህራን አሉ። እኔ አልስማማም።

ቅሬታው ከዘመናዊው ትምህርት ቤት ይቀድማልና። ፒየር ፎሻር በ1728 ባሳተመው ስለ ጥርስ ቀዶ ሕክምና በሚናገረው መጽሐፉ መቅድም ላይ የፓሪስን የፈተና ሥርዓት ተችቷል። ፈታኞቹ የተማሩ ቀዶ ሐኪሞች ነበሩ፤ የጥርስ ሕክምና ግን የዕለት ሥራቸው አልነበረም። ስለዚህ ልምድ ያለው የጥርስ ሐኪም አብሯቸው እንዲቀመጥ አሳሰበ። የእንግሊዝ የቀዶ ሐኪሞች ንጉሣዊ ኮሌጅ የመጀመሪያውን የጥርስ ሕክምና ፈተና የሰጠው በ1860 ነው፤ ከፎሻር መጽሐፍ 132 ዓመት በኋላ መሆኑ ነው።

በመካከሉ መሣሪያውም ተለውጧል። እንደ ቁልፍ እየጠመዘዘ የሚነቅለውና አንዳንዴም መንጋጋ የሚሰብረው መሣሪያ፣ ጆን ቶምስ በ1840ዎቹ በጥርሱ አንገት ቅርጽ ላሠራው ጉጠት ቦታውን መልቀቅ ጀመረ። መሣሪያው ሲለወጥ «ጥሩ እጅ» የሚባለውም ተለወጠ፤ ፈታኙ ግን ይህን ሁልጊዜ ያስተውል ነበር ለማለት አልደፍርም።

በ1975 ሮናልድ ሃርደንና ባልደረቦቹ በስኮትላንድ፣ በዳንዲ፣ ተማሪዎች ከጣቢያ ወደ ጣቢያ እየተዘዋወሩ በተዘጋጀ የመመዘኛ ዝርዝር የሚፈተኑበትን ዘዴ አስተዋወቁ። የታካሚውና የፈታኙ መለያየት ውጤቱን እንዳያዛባ የታሰበ ነበር። ራጅ ማንበብ፣ የሚነቀለውን ጥርስ ለይቶ ማረጋገጥ፣ ለታካሚው ማስረዳት በጣቢያ ይፈተናሉ። ነቀላው ራሱ ግን አስቸጋሪ ነው፤ የፕላስቲክ መንጋጋ አይደማም፣ አይፈራም፣ የፈታኙንም ፊት አያይም። ተማሪው ግን ያያል፤ እጁም የሚንቀጠቀጠው ብዙ ጊዜ በዚህ ነው።

በአንድ ቀን ፈንታ በተከታታይ ነቀላዎች መመዘን፣ ከእያንዳንዱም በኋላ አስተያየት መስጠት የተሻለ ይመስለኛል። ይህም ቢሆን መምህሩን ከጭንቅ አያወጣውም። ሥሩ ሲሰበር ታካሚው ወንበር ላይ ነውና ጉጠቱን ከተማሪው እጅ መቀበሌ ግዴታ ነው። ያ ተማሪ ማደንዘዣውን በሚገባ ሰጥቶ፣ ሥሩ መሰበሩንም ሳይደብቅ በጊዜ ጠርቶኝ ከሆነ ወድቋል ልበል? በተመሳሳይ ሁኔታ አንዱን ተማሪ አሳልፌ ሌላውን ጥዬ አውቃለሁ። የወደቀው ምክንያቱን ጠይቆኝ ነበር፤ ያን ዕለት የሰጠሁት መልስ ዛሬም አያረካኝም።