የምጽዋዋ ባቡርና ሽማግሌዎቿ

ስሙኝማ! ኤርትራ ውስጥ ምጽዋ ባሕሩ ዳር ቆማችሁ ወደ ምዕራብ ቀና በሉ። አስመራ ከዚያ ተራራ አናት ላይ ናት፤ ከባሕር ጠለል ከ2,300 ሜትር በላይ። ጣልያኖች ሐዲዱን ከወደቡ መዘርጋት የጀመሩት እ.ኤ.አ. በ1887 ነው፤ አስመራ የደረሰው ግን በ1911። መንገዱ 118 ኪሎ ሜትር ቢሆን ነው፤ ግን ምን ዓይነት 118! ከገደል ገደል፣ ከዋሻ ዋሻ። ሐዲዱም ጠባብ ነው፣ 95 ሳንቲ ሜትር፤ ተራራውን እየተጠማዘዘ መውጣት አለበትና።

እንዲህ ያለውን ዳገት የሚወጣ ባቡር ጉልበትም ወገብም ይሻል። በ1938 ጄኖዋ ያለው የአንሳልዶ ፋብሪካ የሠራቸው ማሌ የሚባሉት ባቡሮች ሁለቱንም ይዘው መጡ። ከላይ አንድ ቦይለር፣ ከሥር ሁለት የመንኮራኩር ክፍሎች። የፊተኛው ወደ ጎን ስለሚዞር ጥምዝምዙን እንደ እባብ ይከተላል። እንፋሎቱም ሁለት ጊዜ ይሠራል! መጀመሪያ በሙሉ ኃይሉ የኋላዎቹን ፒስተኖች ይገፋል፤ ከዚያ ሳይባክን ወደ ፊት ሄዶ ሰፋፊዎቹን የፊት ፒስተኖች ያንቀሳቅሳል። ከሰል በመርከብ፣ ውሃ በመከራ በሚገኝበት አገር ይህ ብልሃት እንዴት ያለ በረከት ነው!

የእሳት አንዳጁን ሥራስ አትርሱት። በየ100 ሜትሩ እስከ 3 ሜትር ተኩል ሽቅብ በሚሄድ መንገድ ላይ ከሰሉን ቢያበዛ እሳቱ ይታፈናል፤ ቢያሳንስ እንፋሎቱ ይወርዳል። የቦይለሩ ውሃ ከልክ በታች ከወረደ ደግሞ የምድጃው ጣሪያ ይራቆታል፣ ያን ጊዜ የሰው ሕይወት አደጋ ላይ ይወድቃል። አንዳጆቹ ይህን ሁሉ በዓይንና በጆሮ ያውቁታል።

ከዚያ የነፃነት ጦርነቱ መጣ። በ1970ዎቹ አጋማሽ ባቡሩ ቆመ። ሐዲዱ ተነቀለ፤ ከሥሩ የተነጠፈው የብረት ርብራብም የምሽግ ጣሪያ ሆነ። ማሌዎቹ አስመራ ዴፖ ውስጥ ዝም አሉ።

ኤርትራ በ1993 ነፃነቷን ካወጀች በኋላ መስመሩ እንዲታደስ ተወሰነ። ማን ይሥራው? የውጭ ኩባንያዎች ዋጋ ከባድ ነበር። ስለዚህ ጡረታ የወጡት የባቡር ሠራተኞች ተጠሩ፤ መጡም! ሰባን የተሻገሩ፣ ሰማንያን የተጠጉ አባቶች። የምሽጉ ብረት ተሰብስቦ ሐዲድ ሆነ። የጎደለ ዕቃ ካለ በዚያው በዴፖው ወርክሾፕ ቀጥቅጠው፣ ጠርበው ሠሩት። መጽሐፍ ያልያዘውን እጃቸው ያስታውሰው ነበር።

በ2003 ሐዲዱ እንደገና አስመራ ገባ። ማሌዎቹ ከዚያ ወዲህ ያመላለሱት ጎብኚ ነው፤ በብዛትም ቁልቁል ወደ ነፋሲት ከተማ። ይህ ትንሽ ነገር ነው የሚል ካለ እኔ አልስማማም። ባቡሯ ቀለም ተቀብታ ሙዚየም ብትገባ ኖሮ የሚተርፈን ብረቷ ብቻ ነበር፤ እሳቷን ማንደድ የሚያውቀው ሰው ግን ይቀር ነበር። እንግዲህ በሕይወት ላሉት አባቶች ወጣት ተማሪ ከአጠገባቸው ይቁምላቸው፤ አካፋውንም አሁኑኑ ይጨብጥ!