የሆልካር ክሪኬት ቡድን

የሆልካር ክሪኬት ቡድን መቀመጫውን በመካከለኛው ሕንድ በምትገኘው በኢንዶር ከተማ አድርጎ ከ1941–42 እስከ 1954–55 በራንጂ ዋንጫ የተወዳደረ የቀድሞ ቡድን ነው። ስሙን የወሰደው ከ18ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ ኢንዶርን ሲገዛ ከኖረው ከሆልካር የማራታ ሥርወ መንግሥት ነው። በ14 የውድድር ዓመታት 10 ጊዜ ለፍጻሜ ደርሶ 4 ጊዜ ዋንጫውን አንሥቷል። (በዚህ መጣጥፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው፤ የሕንድ የክሪኬት ወቅት ከኅዳር ገደማ እስከ መጋቢት ስለሚዘልቅ አንድ የውድድር ዓመት በሁለት ቁጥር ይጻፋል።)

ጨዋታውና ውድድሩ

ክሪኬት አሥራ አንድ አሥራ አንድ ተጫዋች ባላቸው ሁለት ቡድኖች መካከል ይካሄዳል። ነጥቡ ሩጫ ይባላል፤ ወርዋሪው አንድን መቺ ከጨዋታ ሲያስወጣ ዊኬት ወደቀ ይባላል። አሥር ዊኬት ሲወድቅ ወይም አምበሉ ይበቃናል ብሎ ሲዘጋው ዙሩ ያበቃል። በረዥሙ የጨዋታ ዓይነት እያንዳንዱ ቡድን ሁለት ሁለት ዙር ይመታል። አንድ መቺ በአንድ ዙር 100 ሩጫ ከሞላ መቶ መታ ይባላል፤ ይህም እንደ ትልቅ ክብር ይቆጠራል። የራንጂ ዋንጫ በ1934–35 የተጀመረ የሕንድ ክፍላተ ሀገር ውድድር ሲሆን፣ ስያሜው የናዋናጋር ገዢና በእንግሊዝ ብሔራዊ ቡድን ተሰልፎ የተጫወተው የራንጂትሲንጂ መታሰቢያ ነው።

አመጣጥ

ቡድኑ መቼ ተመሠረተ የሚለው ጥያቄ አንድ መልስ የለውም። የራንጂ ዋንጫን መዝገብ ብቻ ለሚከተል ሰው የልደት ዓመቱ 1941 ነው፤ ሆልካር የሚለው ስም በውድድሩ ዝርዝር የገባው ያኔ ነውና። ከዚያ በፊት አካባቢውን የሚወክለው «ማዕከላዊ ሕንድ» የተባለ ቡድን ነበር። የኢንዶር ተጫዋቾችም ከሌሎች የአካባቢው መሳፍንታዊ ግዛቶች ተጫዋቾች ጋር ተቀላቅለው በዚያ ስም ይሰለፉ ነበር።

የቤተ መንግሥቱን ክሪኬት የሚከተሉ ጸሐፊዎች ግን መነሻውን ወደ 1923 ይስባሉ። በዚያ ዓመት የኢንዶሩ ማሃራጃ ቱኮጂ ራኦ ሣልሳዊ የናግፑሩን ተወላጅ ሲ. ኬ. ናዩዱን ወደ ግዛታቸው አስመጥተው በሆልካር ጦር ውስጥ የመኮንንነት ማዕረግ ሰጡት። ማዕረጉ በኋላ ኮሎኔል ደርሶ ሕዝቡ እስከ መጨረሻው በዚሁ ጠራው። ናዩዱ በ1926 ቦምቤይ ላይ ከእንግሊዝ በመጣው የኤም. ሲ. ሲ. ቡድን ላይ 153 ሩጫ አስቆጠረ፤ 11 ጊዜም ኳሷን በአየር ከሜዳው ወሰን አሳለፋት። በ1932 ሕንድ በለንደኑ የሎርድስ ሜዳ የመጀመሪያዋን ቴስት (በብሔራዊ ቡድኖች መካከል የሚደረግ ረዥም ጨዋታ) ስትጫወት አምበሉ እሱ ነበር።

የዚህ መጣጥፍ አዘጋጅ ሁለተኛው አቈጣጠር ለእውነታው ይቀርባል ብሎ ያምናል። ሆልካር ከክለቦች ፉክክር ተጣርቶ የወጣ ቡድን አልነበረም። ቱኮጂ ራኦ በ1926 ከዙፋን ሲወርዱ የተተኩት ልጃቸው ያሽዋንት ራኦ ዳግማዊ የአባታቸውን ልማድ ቀጥለው ጥሩ ተጫዋች በተገኘበት ሁሉ እየጠሩ በግዛቱ አገልግሎት ሥራና ደመወዝ ይሰጡ ነበር። ተጫዋቹ በወረቀት ወታደር ነው፤ እንጀራው ግን ክሪኬት ነበር። ቦምቤይ በቢሮዎችና በትምህርት ቤቶች ውድድር ተጫዋቾቿን ስታፈራ፣ ኢንዶር፣ ባሮዳና ናዋናጋር በመሳፍንት ግምጃ ቤት ያሳድጉ ነበር።

የድል ዘመን

ከ1944–45 እስከ 1954–55 ባሉት 11 የውድድር ዓመታት ሆልካር ለፍጻሜ ያልደረሰው በ1948–49 ብቻ ነው። ያሸነፈው በ1945–46፣ በ1947–48፣ በ1950–51 እና በ1952–53 ነው። የተሸነፉለትም በቅደም ተከተል ባሮዳ፣ ቦምቤይ፣ ጉጃራትና ቤንጋል ናቸው።

የመጀመሪያው ዋንጫ የተገኘበት ዓመት በቁጥር ረገድ የሚደነቅ ነው። ከማይሶር ጋር በተደረገው ጨዋታ ሆልካር 8 ዊኬት ብቻ ወድቆበት 912 ሩጫ ካስቆጠረ በኋላ ዙሩን በፈቃዱ ዘጋ። በዚያ አንድ ዙር ስድስት ሰዎች መቶ መቱ፦ ኒምባልካር 172፣ ጃግዳሌ 164፣ ባንዳርካር 142፣ ሳርዋቴና ናዩዱ እኩል 101፣ ፕራታፕ ሲንግ ደግሞ ልክ 100። በአንድ ዙር ስድስት መቶ በመጀመሪያ ደረጃ ክሪኬት (በከፍተኛው የረዥም ጨዋታ ደረጃ) ታሪክ ከዚህ በቀር አልታየም። በራንጂ ዋንጫ 912ን ያለፈ ቡድን የተገኘውም በ1993–94 ሃይደራባድ 944 ሲያስቆጥር ነው። በፍጻሜው ባሮዳ በ56 ሩጫ ተሸነፈ፤ ናዩዱ ዕድሜው ሃምሳን አልፎ 200 ሩጫ አስቆጠረ።

የ1945ቱ ፍጻሜ

ሆልካር ዋንጫ ካነሣባቸው ጨዋታዎች ይልቅ በተሸነፈባቸው መታወሱ እንግዳ ነገር ነው። ከሁሉ የገነነው በመጋቢት 1945 በቦምቤይ ብራቦርን ስታዲየም የተደረገው የመጀመሪያ ፍጻሜው ነው። የራንጂ ፍጻሜ በዚያ ዘመን አሸናፊው እስኪለይ ድረስ ይዘልቅ ስለነበር ጨዋታው ስድስት ቀን ፈጀ።

ቦምቤይ በመጀመሪያው ዙር 462፣ ሆልካር 360 አስቆጠሩ። በሁለተኛው ዙር የቦምቤዩ ቪጃይ መርቻንት ብቻውን 278 ሲመታ ሩሲ ሞዲ 151 ጨመረ፤ የቡድኑም ውጤት 764 ደረሰ። ሞዲ በዚያ ዓመት ያስቆጠረው 1,008 ሲሆን፣ በአንድ የራንጂ ዓመት ከሺህ በላይ በመድረስ የመጀመሪያው ነው።

ይህን ሁሉ ሩጫ የተሸከመው የናዩዱ ታናሽ ወንድም ሲ. ኤስ. ናዩዱ ነው። በሁለቱ ዙር 917 ኳስ ወርውሮ 11 ዊኬት ጣለ፤ 428 ሩጫም ተቆጠረበት። በአንድ ጨዋታ ይህን ያህል ኳስ የወረወረ ሌላ ሰው የለም። ታላቅ ወንድሙ አምበል ስለነበር፣ ኳሷን ከእጁ ያልወሰደበት በእምነት ይሁን በጭካኔ አንባቢ ይፍረድ።

ሆልካር ለማሸነፍ 867 ያስፈልገው ነበር። በኢንዶር ተወልዶ ያደገው ሙሽታቅ አሊ በመጀመሪያው ዙር 109፣ በሁለተኛው 139 መታ። ከእሱ ጋር የተሰለፈው እንግሊዛዊው ዴኒስ ኮምፕተን ነበር። ኮምፕተን በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ምክንያት ከኢንዶር ብዙ በማይርቀው የምሃው ጦር ሠፈር ያገለግል ነበር፤ ሆልካርም አጋጣሚውን አላሳለፈውም። በመጀመሪያው ዙር በ20 ቢወጣም በሁለተኛው ማንም ሳያስወጣው 249 አስቆጠረ። ኮምፕተን በኋላ ይተርከው እንደነበረው፣ አንድ ባለጸጋ የኢንዶር ነጋዴ ከመቶ በላይ ለሚያስቆጥራት ለእያንዳንዷ ሩጫ ገንዘብ እንደሚሰጠው ቃል ገብቶለት ነበር። ከሜዳ ሲወጣ ግን ሰውየው በአስቸኳይ ጉዳይ ወደ ካልካታ መሄዱ ተነገረው ይባላል። ታሪኩ እየተነገረ በሄደ ቁጥር የገንዘቡ መጠን ስለሚለያይ ቁጥሩን እዚህ መጻፉ አልተመረጠም።

ሆልካር በ492 ተጠናቀቀና በ374 ሩጫ ተሸነፈ። የጨዋታው ጠቅላላ ድምር 2,078 ሩጫ ሲሆን፣ በ1939 ደርባን ላይ በደቡብ አፍሪካና በእንግሊዝ መካከል የተመዘገበውን 1,981 አልፏል። አዲሱ ክብረ ወሰንም ዕድሜው አጭር ነበር፤ በ1948–49 ቦምቤይና ማሃራሽትራ 2,376 አስቆጠሩ።

ሌሎች ፍጻሜዎች

በ1946–47 ሆልካር ከባሮዳ የደረሰበት ሽንፈት ከዚህም የከፋ ነው። የባሮዳዎቹ ቪጃይ ሃዛሬ 288፣ ጉል መሐመድ 319 ሲመቱ ሁለቱ ሳይለያዩ 577 ሩጫ አከማቹ። ይህ ጥምረት የስሪላንካዎቹ ሳንጋካራና ጃያዋርደኔ በ2006 624 እስኪያስቆጥሩ ድረስ የዓለም ክብረ ወሰን ሆኖ ቆየ። ሆልካር በሁለቱ ዙር 202 እና 173 ብቻ አስቆጥሮ በአንድ ሙሉ ዙርና በ409 ሩጫ ተረታ። በ1949–50 ያሸነፈው ዳግመኛ ባሮዳ ነው፤ በ1951–52 እና በ1953–54 ቦምቤይ። የመጨረሻው ፍጻሜ በ1954–55 በራሱ በኢንዶር ተደርጎ ማድራስ በ46 ሩጫ አሸነፈ፤ ለማድራስ የመጀመሪያ ዋንጫው ነበር።

ተጫዋቾች

ሙሽታቅ አሊ በ1936 ማንቸስተር ላይ 112 በማስቆጠር ከአገሩ ውጭ በቴስት መቶ የመታ የመጀመሪያው ሕንዳዊ ሆነ። ቻንዱ ሳርዋቴ በመምታትም በመወርወርም የታወቀ ነበር። በ1946 በእንግሊዝ ጉብኝት ከሹቴ ባነርጂ ጋር በመጨረሻው ዊኬት 249 ሩጫ አስቆጥሯል። ኒምባልካር ለሆልካር ቢጫወትም የታወቀበትን 443 በ1948–49 የመታው ለማሃራሽትራ ነው። ከዶናልድ ብራድማን የአንድ ዙር ክብረ ወሰን ዘጠኝ ሩጫ ሲቀረው የተጋጣሚው አምበል ቡድኑን ይዞ ከጨዋታው ወጣበት። በግራ እጁ የሚወረውረው ሂራላል ጋይክዋድም የዚህ ቡድን ተጫዋች ነበር።

መክሰም

የቡድኑ ዕጣ ከግዛቱ ጋር የተሳሰረ ነበር። ሕንድ በ1947 ነጻ ከወጣች በኋላ ኢንዶር በ1948 ከጎረቤት ግዛቶች ጋር ተዋሕዳ የማድያ ባራት ክፍለ ሀገር ሆነች፤ ማሃራጃውም ሥልጣናቸውን አጡ። ቡድኑ ግን በቀድሞው ስሙ ሰባት ዓመት ያህል ቀጠለ፤ ከአራቱ ዋንጫዎች ሁለቱን ያነሣው ቤተ መንግሥቱ ሥልጣን ካጣ በኋላ ነው። በ1955–56 ስሙ ማድያ ባራት ተባለ። በኅዳር 1956 የክፍላተ ሀገር ወሰን እንደገና ሲሰመር ማድያ ባራት ከማድያ ፕራዴሽ ጋር ተቀላቀለች፤ ቡድኑም ይህን ስም ያዘ።

የወራሽነት ጥያቄ

እዚህ ላይ ነገሩ ይወሳሰባል። ማድያ ፕራዴሽ የሚለውን ስም ከ1956 በፊት የያዘው መዲናው ናግፑር የሆነ ሌላ ክፍለ ሀገር ነው። የናግፑር አካባቢ ዛሬ በቪዳርባ ቡድን ይወከላል። ስለዚህ ስሙን የሚከተል ወደ ናግፑር፣ ሜዳውንና ሰዎቹን የሚከተል ወደ ኢንዶር ይደርሳል።

ክርክሩ በ2022 እንደገና ተነሣ። በዚያ ዓመት ሰኔ ወር ማድያ ፕራዴሽ በባንጋሎር ሙምባይን በስድስት ዊኬት አሸንፎ ዋንጫውን ወሰደ። ሙምባይ 374 እና 269 ሲያስቆጥር ማድያ ፕራዴሽ 536 እና 4 ዊኬት ወድቆበት 108 አስመዘገበ። ያሽ ዱቤይ 133፣ ራጃት ፓቲዳር 122፣ ሹባም ሻርማ 116 መቱ። አሰልጣኙ ቻንድራካንት ፓንዲት በ1998–99 በዚያው ከተማ የማድያ ፕራዴሽ አምበል ሆኖ በካርናታካ ፍጻሜውን የተነጠቀ ሰው ነው፤ ከ23 ዓመት በኋላ ዋንጫውን ሲያይ አለቀሰ። ጋዜጦቹ አብዛኞቹ ድሉን የመጀመሪያ አሉት። አንዳንድ የስታቲስቲክስ ሠንጠረዦች ግን የሆልካርን አራት ዋንጫዎች ደምረው አምስተኛ ያደርጉታል። የቦምቤይ ዋንጫዎች ከተማዋ ሙምባይ ስትባል ያለ ጥያቄ መተላለፋቸውን ለሚያስታውስ ሰው የሆልካር ለብቻው መቆረጥ ያስገርማል። በሌላ በኩል የአንድ መስፍን ተቀጣሪዎች ያመጡትን ዋንጫ በሕዝብ በተመረጠ መንግሥት ለሚተዳደር ክፍለ ሀገር መስጠት ቀላል አይደለም።

ስታዲየም

ቡድኑ የቤት ጨዋታዎቹን የሚያደርገው በኢንዶሩ ያሽዋንት ክለብ ሜዳ ነበር። ዛሬ የሆልካር ስታዲየም የሚባለው ሌላ ሜዳ ሲሆን ስሙን ያገኘው በ2010 ነው። በታኅሣሥ 2011 ሕንዳዊው ቪሬንደር ሴዋግ በዌስት ኢንዲስ ላይ 219 ያስቆጠረው እዚህ ነው። የመጀመሪያው ቴስትም በጥቅምት 2016 ከኒውዚላንድ ጋር ተደርጓል።

መታሰቢያ

ናዩዱ ከሆልካር በኋላም አልቆመም። በ1956–57 በ61 ዓመቱ ለኡታር ፕራዴሽ በራንጂ ዋንጫ ተሰልፏል፤ በኅዳር 1967 ኢንዶር ውስጥ አረፈ። ሙሽታቅ አሊም እዚያው በሰኔ 2005 ሞተ። የሕንድ ክፍላተ ሀገር በአጭሩ የጨዋታ ዓይነት የሚወዳደሩበት የአገር ውስጥ ውድድር በስሙ ይጠራል።