ከኬብሉ ጀርባ ያለችው ሴት

እህቶቼ፣ በምንሠራበት ቤት ወይም ቢሮ ከዋይፋዩ አጠገብ ብዙ ቀዳዳ ያላት ሳጥን አይታችሁ ይሆናል። ስዊች ትባላለች፤ ቀዳዳዎቹ ደግሞ ፖርት። አቧራዋን የምንጠርገው እኛ ነን፤ ታሪኳን ግን የሚነግረን የለም። እኔም እሑድ በኮምፒውተር ትምህርታችን ነው የሰማሁት። ከሁሉም የገረመኝ ዋናውን ነገር ያሰበችው ሴት መሆኗ ነው።

ራዲያ ፐርልማን ትባላለች፤ አሜሪካዊት ናት። በ1980ዎቹ ዲጂታል ኢኩፕመንት ኮርፖሬሽን በሚባል ኩባንያ ትሠራ ነበር። ያኔ ኢተርኔት የሚባለው የኮምፒውተር መገናኛ እየተስፋፋ ነው፤ አንዱን ኬብል ከሌላው የሚያገናኙ ሳጥኖችም መጥተዋል። ታዲያ ሰው አንዱ ቢበጠስ ብሎ ሁለተኛ መንገድ ሲጨምር፣ መልእክቱ ክብ ሠርቶ መዞር ይጀምራል። ልክ እንደ ወሬ ነው፦ አልማዝ ለሳራ፣ ሳራ ለሂሩት፣ ሂሩት መልሳ ለአልማዝ፤ አልማዝም አዲስ መስሏት እንደገና ለሳራ! የእኛ ወሬ ሲሰለቸን ይቆማል። የኢተርኔት መልእክት ግን ስንት ጊዜ እንደዞረ የሚቆጠርበት ነገር የለውም። እየተባዛ ይዞርና መስመሩን በሙሉ ያንቀዋል።

አለቃዋ አርብ ቀን ይህን ሥራ ሰጥቷት ለእረፍት ሄደ። ራሷ እንደተናገረችው መልሱ የመጣላት በዚያው ሌሊት ነው። ሰኞና ማክሰኞ ጻፈችው፤ የቀረውን ሳምንት ስለ ሥራዋ ግጥም ስትጽፍበት ከረመች። በ1985 እ.ኤ.አ. ባወጣችው ጽሑፍ ላይ ግጥሙም አለ።

ስሙ ስፓኒንግ ትሪ ነው። ሳጥኖቹ እርስ በርስ ተነጋግረው ትንሹን ቁጥር የያዘውን እንደ ዛፍ ሥር ይመርጡታል። ከዚያ እያንዳንዱ ወደ እሱ የሚወስደውን አጭር መንገድ ይይዝና ትርፉ ፖርት ይዘጋል። ኬብሉን ማንም አይነቅለውም፤ ሌላው ሲበጠስ የተዘጋው ይከፈታል። በ1990 የዓለም መሥሪያ ደንብ ሆነ። አንዳንዶች «የኢንተርኔት እናት» ይሏታል፤ እሷ ግን ስሙን አትወደውም።

ቀጥሎ የመጣው ቪላን ነው፤ ደንቡ በ1998 ወጣ። አንዱን ስዊች እንደ ብዙ ስዊች ይከፍለዋል። ይህ ፖርት 10፣ ያኛው 20 ተብሎ ቁጥር ይሰጠዋል። 10 ላይ ያለው የ20ውን አይሰማም፣ ጎን ለጎን ቢሰኩም። እኔ ባለሁበት ቤት ቴክኒሻኑ ለቤተሰቡ አንድ ቁጥር፣ ለእንግዳ ሌላ፣ ለእኔ ስልክ ደግሞ ሦስተኛ ሰጠ። የእኔ ማታ በአራት ሰዓት ይጠፋል። እናቴ ከሥራ ገብታ የምትደውልልኝ በዚያ ሰዓት ነው። ስዊቿ እኔን አታውቀኝም፤ ቁጥሩንም ሰዓቱንም የጻፈው ሰው ነው።

መክፈል ግን ሁሌ ክፉ አይደለም። በኖቬምበር 2002 ቦስተን ውስጥ ቤዝ እዝራኤል ዲከነስ በሚባል ትልቅ ሆስፒታል ኔትወርኩ ለአራት ቀን ያህል ታመመ። በየጊዜው እየተቀጠለ ስላደገ አንዱ ዛፍ ሊሸከመው ከሚችለው በላይ ሰፍቶ ነበር። ሐኪሞቹ ወደ ወረቀት ተመለሱ፤ የላቦራቶሪ ውጤት በእግር እየተሮጠ ይደርስ ጀመር። የኮምፒውተሩ ኃላፊ ጆን ሃላምካ አልደበቀውም፣ ሌሎች እንዲማሩበት በአደባባይ ተናገረ። ይህን አለመደበቁን ወድጄለታለሁ። በኋላ ኔትወርኩን እየከፋፈሉ እንደ አዲስ ሠሩት።

በዚያው ዓመት ሁለቱን ሐሳብ የሚያጋባ ደንብ ጸደቀ። ቪላኖቹ በቡድን ይመደባሉ፣ እያንዳንዱ ቡድን የራሱ ዛፍ ይኖረዋል። ስለዚህ ለአንዱ ቡድን የተዘጋው ኬብል ለሌላው ክፍት ሊሆን ይችላል፤ ሥራ ፈትቶ የሚቀመጥ ኬብል ይቀንሳል። የትኛው ቪላን ከየትኛው ዛፍ እንደሚገባ ግን ዛሬም ስዊቿ አትወስንም። ካልነገሯት ሁሉንም በአንድ ዛፍ ላይ ትተዋለች።