ባንዱን በአንድ ሰው የተካው ካሴት

በ1985 ዋሽንግተን ዲሲ ውስጥ የተቀዳው «ሸሞንሟናዬ» የተሰኘ ካሴት (እዚህ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በሙዚቃ ታሪካችን ውስጥ እስካሁን ካገኘው የበለጠ ቦታ ይገባዋል። አኮርዲዮኑን፣ ሮድስ የተባለውን ኤሌክትሪክ ፒያኖና ሙግ ሲንተሳይዘሩን የተጫወቱት አንድ ሰው ናቸው፤ የከበሮውን ሥራ የያዘው ድራም ማሽን ነው። ሰውየው ኃይሉ መርጊያ ናቸው፤ በ1946 ደብረ ብርሃን ተወለዱ።

ከደብረ ብርሃን በስተሰሜን፣ በመንዝና በግሼ ደጋ፣ ሙዚቀኛ ብቻውን መሥራቱ ጥንትም የታወቀ ነው። አዝማሪው መሲንቆውን እየመታ ግጥሙን ያወርዳል፤ እረኛው ከዋሽንቱ በቀር አጃቢ የለውም። ኃይሉ ግን ያደጉት በሌላ መንገድ ነው። በ10 ዓመታቸው አዲስ አበባ ገቡ፤ በ14 ዓመታቸው የጦር ሠራዊቱን የሙዚቃ ክፍል ተቀላቅለው አኮርዲዮን ተማሩ። በኋላም ከዋልያስ ባንድ ጋር በሒልተን ሆቴል ለዓመታት ተጫወቱ። በደርግ ዘመን የሰዓት እላፊ ስለነበረ በሩ ተዘግቶ ጭፈራው እስኪነጋ ይዘልቅ ነበር፤ እንዲህ ያለውን ሌሊት የሚችለው አብሮ የኖረ ባንድ ብቻ ነው። ባንዱ በ1977 «ቸ በለው»ን በካይፋ ሙዚቃ ቤት በሸክላ አሳተመ።

በ1981 ዋልያስ ወደ አሜሪካ ተጓዘ፤ ከአባላቱ ገሚሱ ወደ አገር ቤት ሲመለስ ኃይሉና ሌሎች እዚያው ቀሩ። ኃይሉ ራሳቸው ስለ ካሴቱ ሲናገሩ የቀድሞውን የአኮርዲዮን ድምፅ በአዲስ መሣሪያ ታጅቦ መመለስ ፈልገው እንደነበር ገልጸዋል። ቃላቸውን እቀበላለሁ። ነገር ግን የባንዱ መበተንም ከምክንያቶቹ ጋር መቆጠር አለበት ባይ ነኝ፤ ሒልተን የነበረው ጓድ እንዳለ አብሯቸው ቢሆን ኖሮ ከበሮውን ለማሽን አሳልፎ መስጠት ለምን ያስፈልግ ነበር?

ጊዜውም አመቺ ነበር። በ1983 የሴኩየንሻል ሰርኪትስ ፕሮፌት 600 እና የሮላንድ ጁፒተር 6 ሲንተሳይዘሮች በአንድ ሽቦ ተያይዘው ለሕዝብ ሲታዩ ሚዲ የተባለው የሙዚቃ መሣሪያዎች መገናኛ ስምምነት በሥራ ላይ ዋለ። ሚዲ ድምፅ አያስተላልፍም፤ የትኛው ኖታ እንደተነካ፣ በምን ጉልበት እንደተነካና መቼ እንደተለቀቀ ይናገራል። ለኪቦርድ ቀላል ነው። ለጊታር ግን ማሽኑ የክሩን ንዝረት አድምጦ ኖታውን ማወቅ አለበት። ወፍራሙ ክር በሴኮንድ 82 ጊዜ ያህል ስለሚርገበገብ አንዱ ዙር ብቻ 12 ሚሊሴኮንድ ይፈጃል፤ በቀደሙት የሚዲ ጊታሮች ድምፁ ከጣት ወደ ኋላ የሚቀረው በዚህ ነው።

ለእኛ ዜማ ደግሞ ሌላ ጉዳይ አለ። ሚዲ ኖታዎቹን ከ0 እስከ 127 በቁጥር ያስቀምጣቸዋል፤ ከአንዱ ቁጥር ወደ ሌላው እርምጃው ግማሽ ድምፅ ነው። የመሲንቆ ተጫዋች ጣት ግን በጭራ ክሩ ላይ እየተንሸራተተ በሁለቱ ቁጥሮች መካከል ያርፋል፤ አንቺ ሆዬ የተባለው ቅኝትም በፒያኖ ሲመታ የሚጎድለው ነገር አለ። ይህን ለመሙላት ሚዲ ድምፅን ማጠፊያ ትእዛዝ አለው፤ በ16,384 ደረጃ የተከፋፈለ ነው። ስድስቱ ክሮች በየራሳቸው ቻናል የሚላኩበት ጊታር እያንዳንዱን ክር ለብቻው ማጠፍ ይችላል። ስለዚህ ቤቱ በኮምፒውተር ለሚቀዳ ሰው ለቅኝታችን ከኪቦርድ ይልቅ የሚዲ ጊታር ይቀርባል ብዬ አምናለሁ።

አዲስ አበባ ላይ የተለመደው ግን ኪቦርድ ነው። ከሙሉ ባንድ ይልቅ አንድ አቀናባሪ ከነኪቦርዱ ካሴት መሥራቱ እየተለመደ መጣ። ብዙዎች ይህን እንደ ውድቀት ይቆጥሩታል፤ ፍርዱ ግን በመሣሪያው ላይ ሳይሆን በአቀናባሪው ጆሮ ላይ መሆን አለበት። በ2019 ያረፉት፣ ከያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት የወጡት ኤልያስ መልካ በበገና ስቱዲዮ የሠሯቸውን ሥራዎች የሰማ ይህን ይረዳል።

የ«ሸሞንሟናዬ» ካሴት ባሕር ዳር ላይ ብራያን ሺምኮቪትዝ በተባለ አሜሪካዊ እጅ ገባና በ2013 እንደገና ታተመ። በዚያን ጊዜ ኃይሉ ዋሽንግተን አካባቢ ታክሲ ይነዱ ነበር፤ ተሳፋሪ ሲጠብቁ ከመኪናው ዕቃ መጫኛ ኪቦርድ አውጥተው ይለማመዱ ነበር። ካሴቱ እንደገና ከታተመ በኋላ ወደ መድረክ ሲመለሱ በማሽን ብቻ አልታጀቡም። በ2018 በወጣው «ላላ በሉ» ባሱን ማይክ ማይኮውስኪ፣ ድራሙን ቶኒ በክ ተጫውተውላቸዋል።